«እንደ ማንዴላ ያለ መሪ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብሔራዊ ምክክር፣ የሽግግር ፍትሕ፣ ዕርቅ በተባለ ቁጥር የአንድ ሰው ስም ሳይነሳ አይቀርም። «እኛም አንድ ማንዴላ በኖረን» ይባላል። ቡና ላይ ይባላል፣ በቴሌቪዥን ክርክር ይባላል፣ ፌስቡክ ላይማ በየቀኑ ነው። ሰውየው በትክክል ምን አደረጉ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው፦ 27 ዓመት ታስረው ወጡና ይቅር አሉ።

ይቅር ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ስንት ይቅር ባይ ሰው ባለበት ዓለም፣ በይቅርታ ብቻ የተስማማ አገር መፈለግ አድካሚ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሆነው ነገር ከዚያ ይልቅ የተወሳሰበ፣ አንዳንዴም ደስ የማይል ነበር። ድርድሩ ፈርሷል፣ ሰው አልቋል፣ መሪዎቹ ተሰዳድበዋል። እዚህ የምናየው የትኛው የመሪ ጠባይ ምን ላይ እንደረዳ፣ የትኛው ደግሞ እንዳልበቃ ነው። ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ «የተከፋፈለ አገር» የሚባለው የቱ ነው?

ሰዎች በሐሳብ ስለተለያዩ አገር ተከፋፈለ አይባልም። የማይከራከር ሕዝብ የለም። ችግሩ የሚጀምረው አንዱ ወገን የሌላውን ማሸነፍ እንደ ራሱ ማለቂያ ማየት ሲጀምር ነው። በምርጫ መሸነፍ ሥራ ማጣት፣ ቤት ማጣት፣ ከዚያም አልፎ ነፍስ ማጣት ከመሰለው ማንም ለመሸነፍ አይስማማም። ያኔ ጠመንጃው ከግድግዳው ይወርዳል።

ስለዚህ የመሪው ዋና ሥራ ሰዎችን ማፋቀር አይደለም። የሚሸነፈው ወገን ነገም በአገሩ ሠርቶ እንደሚያድር እንዲያምን ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ በንግግር ብቻ የሚሆን አይደለም።

በ1990 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማን ማንን ይፈራ ነበር?

አፓርታይድ ሰውን በዘር ከፋፍሎ መኖሪያውን፣ ትምህርት ቤቱንና ሥራውን በሕግ የሚወስን ሥርዓት ነበር። በ1948 ሥልጣን የያዘው ብሔራዊ ፓርቲ አዋቀረው። መሠረቱ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ በ1913ና በ1936 በወጡ የመሬት ሕጎች ለጥቁሩ ብዙኃን የተተወው መሬት 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መንግሥቱ፣ ጦሩ፣ ባንኩ፣ እርሻው በነጮች እጅ ነበር።

ነጮቹ የሚፈሩት በቀልን ነው። ጥቁሮቹ የሚፈሩት መታለልን ነው፤ ስም ብቻ ሰጥተውን እውነተኛውን ሥልጣን ይዘው ይቀራሉ ብለው። ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሦስተኛ ፍርሃትም ነበር። በናታል ክፍለ ሀገር በዙሉዎች ዘንድ ሰፊ ድጋፍ የነበረው የማንጎሱቱ ቡተሌዚ ድርጅት ኢንካታ፣ የማንዴላ ድርጅት ኤኤንሲ ሁሉንም ጠቅልሎ ይውጠናል ብሎ ይሰጋ ነበር። ከ1990 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት በፖለቲካ ግጭት ወደ 14 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞቷል። ብዙው የሞተው በኤኤንሲና በኢንካታ ደጋፊዎች መካከል በነበረው መገዳደል ነው። ከጀርባው የአፓርታይድ የጸጥታ ኃይሎች እጅ እንደነበረበት በኋላ ተጋልጧል። «ያለ ደም የተደረገ ሽግግር» ሲባል የምትሰሙ ከሆነ፣ ይህን አስታውሱ።

ማንዴላ የዋህ ስለነበሩ ነው የተሳካላቸው?

አይደለም። መሣሪያ ያነሱ ሰው ናቸው። በ1961 የኤኤንሲን የታጠቀ ክንፍ ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነው። ሥልጠናው ለስድስት ወር ነበር የታሰበው፤ ድርጅታቸው ስለፈለጋቸው ሳይጨርሱ ተጠሩ። ሲሰናበቱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። ሽጉጡ ጆሃንስበርግ አጠገብ ያለ እርሻ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ብዙ ተቆፍሮ ተፈልጓል፤ አልተገኘም።

እስር ቤት ውስጥም ግትር ነበሩ። በ1985 ፕሬዚዳንት ፒ. ደብሊው. ቦታ «የትጥቅ ትግልን አውግዝና ልፍታህ» አሏቸው። ማንዴላ አልፈልግም አሉ። መልሳቸውን ልጃቸው ዚንዚ በሶዌቶ ስታዲየም ለሕዝብ አነበበችው። ፍሬ ነገሩ፣ እስረኛ ውል አይዋዋልም፣ መደራደር የሚችለው ነጻ ሰው ነው የሚል ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመንግሥት ጋር በድብቅ መነጋገር የጀመሩት። እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል። አይጣረስም። መነጋገርና እጅ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የተከፋፈለ አገር ውስጥ ግን ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል።

ከጠላት ጋር ንግግር እንዴት ይጀመራል?

በ1985 መጨረሻ ማንዴላ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኙ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ኮቢ ኩትሲ መጥተው ጠየቋቸው። ወደ እስር ቤት ሲመለሱ ከጓዶቻቸው ተለይተው ለብቻቸው እንዲቀመጡ ተደረገ። ጓዶቻቸው ሊቃወሙ ፈለጉ። ማንዴላ ግን ተዉት አሉ፤ ብቻቸውን መሆናቸው ሰው ሳያይ ለመነጋገር ይመቻል ብለው ስላሰቡ።

ማንንም አላማከሩም። ቢያማክሩ አይሆንም እንደሚባሉ ያውቁ ነበር። በኋላ ሲነግሯቸው የዕድሜ ልክ ጓዳቸው ዋልተር ሲሱሉ እንኳ መንግሥት ቢጀምረው ይሻል ነበር ብለዋል። ዛምቢያ፣ ሉሳካ ሆነው ኤኤንሲን በስደት ይመሩ የነበሩት ኦሊቨር ታምቦም ወሬው ሲደርሳቸው ተጨነቁ፤ ምን እየተነጋገርክ ነው የሚል መልእክት በድብቅ ላኩ። የማንዴላ መልስ አጭር ነበር፦ የምነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ድርጅታችንና መንግሥት እንዲገናኙ።

ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። በር ከፈቱ እንጂ በድርጅታቸው ስም ውል አልገቡም። እንዲህ ያለ የብቻ ውሳኔ አደገኛ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው በር ራሱን ሸጦ ሊወጣ ይችል ነበር።

ሌላው ዝግጅታቸው ቋንቋ ነበር። እስር ቤት ውስጥ የገዢዎቹን ቋንቋ አፍሪካንስ አጠኑ፣ የዚህ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑትን ነጮች፣ የአፍሪካነሮችን፣ ታሪክ አነበቡ። አንዳንድ እስረኞች የጨቋኝ ቋንቋ ምን ያደርግልናል ይሉ ነበር። ማንዴላ ያገኙት ግን ሌላ ነገር ነው። አፍሪካነሮች ራሳቸው ከእንግሊዝ ጋር ተዋግተው የተሸነፉ፣ ሴቶቻቸውና ልጆቻቸው በእንግሊዝ ማጎሪያ ካምፖች ያለቁባቸው ሕዝብ መሆናቸውን ተረዱ። የተሸነፈ ሕዝብ ምን እንደሚፈራ የሚያውቅ ሰው ምን ዓይነት ዋስትና እንደሚያረጋጋው ይገባዋል። ከፕሬዚዳንት ቦታ ጋር በሐምሌ 1989 ሻይ ሲጠጡም ወሬውን የጀመሩት ከዚያ ታሪክ ነው።

ድርድሩ ሲፈርስስ?

ማንዴላ በየካቲት 1990 ተፈቱ። ፓርቲዎች የተሰበሰቡበት ትልቁ ድርድር፣ ኮዴሳ የተባለው፣ በታኅሣሥ 1991 ተጀመረ። በመክፈቻው ቀን ቦታን የተኩት ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ በንግግራቸው ማብቂያ ላይ ኤኤንሲን ወረፉ። ማንዴላ ተናደው መድረኩን መልሰው ያዙና በቴሌቪዥን ፊት ልክ ልካቸውን ነገሯቸው። ሕጋዊነት የሌለው የአናሳ አገዛዝ መሪ አሏቸው። በማግስቱ ግን ሥራው ቀጠለ።

በ1992 አጋማሽ ነገሩ ጨርሶ ተበላሸ። በሰኔ ቦይፓቶንግ የተባለ ሰፈር ውስጥ ከ40 በላይ ሰዎች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ኤኤንሲ ድርድሩን ረግጦ ወጣ። በመስከረም ቢሾ በተባለች ከተማ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 28 ሰልፈኞችን ገደሉ።

ያን ጊዜ ያዳነው አንድ ክር ነው። ከኤኤንሲ ሲሪል ራማፎዛ፣ ከመንግሥት ሮልፍ ማየር፣ ትልቁ ድርድር በቆመባቸው ወራትም መገናኘታቸውን አላቆሙም። (ሁለቱ ዓሣ ሲያጠምዱ የማየር ጣት ላይ መንጠቆ ተሰክቶ ራማፎዛ እንዳወጡላቸው የሚተረክ ወሬ አለ፤ ሰው ይወደዋል።) በመስከረም መጨረሻ አለቆቻቸው ስምምነት ፈርመው ወደ ንግግር ተመለሱ። አለቆቹ አደባባይ ላይ ሲሰዳደቡ ከሥር የሚነጋገሩ ሰዎች እንዳይነኩ መተው ራሱ የአመራር ችሎታ ነው። ብዙ መሪዎች ሲናደዱ መጀመሪያ የሚቆርጡት ይህን ክር ነው።

የሚሸነፈው ወገን ምን ተሰጠው?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መታወቅ ያለበት ሐሳብ የመጣው ከጆ ስሎቮ ነው። ስሎቮ ኮሚኒስት ነበሩ። ነጩ መንግሥት እንደ ሰይጣን የሚያያቸው ሰው። ባለቤታቸውን ሩት ፈርስትን በ1982 የአፓርታይድ ሰላዮች ማፑቶ ላይ በፖስታ በተላከ ቦምብ ገድለዋል። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው «ለተወሰነ ጊዜ ሥልጣን እናካፍላቸው» ያሉት።

ሐሳቡ ቤት ከመሸጥ ጋር ይመሳሰላል። ገዢው ቁልፉን ይረከባል፤ ቤቱ የእሱ ነው። የቀድሞው ባለቤት ግን ዕቃውን እስኪያወጣ በአንዷ ክፍል ይቆያል፤ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ውሉ ላይ ተጽፏል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጊዜው አምስት ዓመት ሆነ። በምርጫ በቂ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ሁሉ ካቢኔ ውስጥ ይገባል። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወታደሩና ፖሊሱ ሥራውና ጡረታው ይጠበቅለታል።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መፈንቅለ መንግሥት የሚያደርገው ደመወዝ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ ኮሎኔል ነው። የጡረታ ዋስትና ከብዙ የፍቅር ስብከት በላይ ሠርቷል። ኤኤንሲ ውስጥ ግን «ለገዳዮች ደመወዝ ልንከፍል ነው ወይ?» የሚል ቁጣ አስነስቷል። ሐሳቡን ያቀረቡት የቆሰሉት ስሎቮ ባይሆኑ ኖሮ ምናልባት አይታለፍም ነበር።

የራስን ደጋፊ ማን ይናገረዋል?

ተቃዋሚን መስደብ ድፍረት አይጠይቅም። ከባዱ የራስን ሰው «ተሳስተሃል» ማለት ነው። ማንዴላ ይህን ብዙ ጊዜ አድርገዋል፤ ሁልጊዜ ግን አልተሳካላቸውም።

ከእስር በወጡ በሁለት ሳምንት ደርባን ላይ ከመቶ ሺህ ለሚበልጥ ደጋፊ ንግግር አደረጉ። ጠመንጃችሁን፣ ቢላችሁንና ቆንጨራችሁን ወስዳችሁ ባሕር ውስጥ ጣሉ አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ማንም የጣለ የለም፤ መገዳደሉ ቀጠለ። ከቡተሌዚ ጋር ቶሎ ለመገናኘት ፈልገውም የራሳቸው ሰዎች ከልክለዋቸው ስብሰባው ወደ 1991 ተገፋ። በመሃል ስንት ሰው እንደሞተ ሲታሰብ ይህ ከትልልቆቹ ድክመቶች አንዱ ነው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በሚያዝያ 1993 ነው። ወጣቱ ከማንዴላ ቀጥሎ አጥብቆ የሚወደው ክሪስ ሃኒ፣ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። ገዳዩ ከፖላንድ የመጣ ነጭ ስደተኛ ነው። መሣሪያውን ያቀበለው የነጮች ወግ አጥባቂ ፓርቲ ሰው ነበር። ዓላማቸው ጥቁሩ ወጣት በቁጣ ተነስቶ ድርድሩ እንዲቃጠል ነው። ሊሳካላቸው ጥቂት ነበር የቀረው።

ሥልጣን ላይ የነበሩት ደ ክለርክ ናቸው። ሕዝቡን በቴሌቪዥን ያነጋገሩት ግን ማንዴላ ሆኑ። ደ ክለርክ ያን ቀን ቢናገሩ የሚሰማቸው እንደሌለ ሁሉም ያውቅ ነበር። ማንዴላ ቁጣውን አልካዱም፤ «ተረጋጉ» ብለውም አላለፉትም። ሁለት እውነቶችን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ይህን የፈጸመው በጥላቻ የተሞላ ነጭ ነው፤ የመኪናውን ታርጋ ይዛ ለፖሊስ የደወለችውም ነጭ፣ አፍሪካነር ሴት ናት።

በዚህ አነጋገር የተለወጠው የመስመሩ አቀማመጥ ነው። ከዚያ በፊት መስመሩ በነጭና በጥቁር መካከል ነበር። ከዚያ በኋላ አገሪቱን ማቃጠል በሚፈልጉና በማይፈልጉ መካከል ሆነ። ሁከቱ ጨርሶ አልቀረም፣ ሰዎች ሞተዋል። ጦርነት ግን አልሆነም። ኤኤንሲም ኀዘኑን ወደ ግፊት ለወጠው፤ «የምርጫ ቀን ይቆረጥ» አለ። ተቆረጠም፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1994። ማጽናናትና መደራደርን አንድ ላይ ነው ያስኬዱት።

ሊያፈርስ የሚችለውን ሰውስ?

ኮንስታንድ ቪልዮን የደቡብ አፍሪካ ጦር አዛዥ የነበሩ ጡረተኛ ጄኔራል ናቸው። በ1993 የነጭ አክራሪዎች መሪ ሆነው ተመለሱ። በጦሩ ውስጥ የተከበሩ ስለሆኑ ከፈለጉ በሺህ የሚቆጠሩ የሠለጠኑ ሰዎችን ማሰለፍ ይችሉ ነበር።

ማንዴላ ፈለጓቸው። ያገናኟቸው የጄኔራሉ መንትያ ወንድም ናቸው፤ አብረሃም ቪልዮን፣ የሃይማኖት ምሁርና የአፓርታይድ ተቃዋሚ። ማንዴላ ጄኔራሉን ቤታቸው ጋብዘው በአፍሪካንስ አነጋገሯቸው። የነገሯቸው ነገር ጣፋጭ አልነበረም። ብትዋጉ ብዙ ልትገድሉ ትችላላችሁ፣ እኛን ግን ጨርሳችሁ አታሸንፉም፤ እኛ ብዙ ነን፣ ዓለምም ከእኛ ጋር ነው ዓይነት ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ መውጫ አሳዩአቸው። የአፍሪካነሮች የራስ አስተዳደር ጥያቄ በሰላም ይቅረብ፣ ምርጫ ግቡ፣ ስንት ሰው እንደሚደግፋችሁ ይታይ።

በመጋቢት 1994 የነጭ አክራሪዎች አፓርታይድ ለጥቁሮች ከከለላቸው ግዛቶች አንዷ ወደሆነችው ቦፑታትስዋና ዘምተው አሳፋሪ ሽንፈት ገጠማቸው። ያኔ ጄኔራሉ መውጫውን ተጠቀሙበት፤ ፓርቲ አስመዘገቡና ተወዳደሩ። ያገኙት 2.2 በመቶ ድምፅ ነው። የጦርነት ጥያቄ በዘጠኝ የፓርላማ ወንበር ተዘጋ። ቡተሌዚም ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው ገቡ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሞ ስላለቀ የፓርቲያቸው ስም በተለጣፊ ተጨመረ። ከምርጫው በኋላ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ታዲያ ደ ክለርክ ምንም አልሠሩም?

ሠርተዋል፤ እኛ ዘንድ ብዙ አይወራላቸውም እንጂ። በ1992 መጀመሪያ ፓርቲያቸው በአንድ የማሟያ ምርጫ ለአክራሪዎቹ ተሸነፈ። እሳቸው ከማፈግፈግ ይልቅ ነጮችን «ድርድሩ ይቀጥል ወይስ ይቁም?» ብለው በሕዝበ ውሳኔ ጠየቁ። ይቁም ከተባለ ሥልጣን እለቃለሁ አሉ። 68.7 በመቶ ይቀጥል አለ። ሥልጣናቸውን የሚያሳጣቸውን መንገድ ራሳቸው በድምፅ አጸኑ።

ንጹሕ ሰው ነበሩ ማለት አይደለም። በእሳቸው ዘመን የጸጥታ ኃይሎች ለፈጸሙት ኃላፊነት ለመውሰድ እስከ መጨረሻው ሲያንገራግሩ ነው የኖሩት። አፓርታይድ ላደረሰው በደል ያለ «ግን» ይቅርታ ሲጠይቁ የሚታዩበት ቪዲዮ የወጣው በኅዳር 2021 ከሞቱ በኋላ ነው። ማንዴላና እሳቸው ጓደኞችም አልነበሩም። አብሮ ለመሥራት መዋደድ እንደማያስፈልግ ከሁለቱ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሥልጣን ሲይዙ ምን ተለወጠ?

ራግቢው ይታወቃል። በሰኔ 1995 ማንዴላ ጥቁሩ ሕዝብ የሚጠላውን የብሔራዊ ራግቢ ቡድኑን የስፕሪንግቦክ ማልያ፣ ስድስት ቁጥሩን፣ ለብሰው ስታዲየም ገቡ። የአፓርታይድ መሐንዲስ የሚባሉትን የፈርቩርድን ባለቤት፣ የ94 ዓመት አሮጊት፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው ሻይ ጠጡ። እነዚህ ምልክቶች ዋጋ አላቸው፤ ለፎቶ ስለሚመቹ ግን ሌላውን ሸፍነውታል።

ለእኔ ከራግቢው የሚበልጠው የፍርድ ቤቱ ነገር ነው። በየካቲት 1995 ማንዴላ አዲሱን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሲከፍቱ፣ እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ፍርድ ቤት የቆምኩት ሞት ይፈረድብኝ እንደሆነ ለመስማት ነበር አሉ። ስምንት ወር ሳይሞላ ያው ፍርድ ቤት እሳቸውን ረታ። የደ ክለርክ ብሔራዊ ፓርቲ የሚያስተዳድረው የዌስተርን ኬፕ ክፍለ ሀገር «ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣናቸው በላይ አዋጅ አውጥተዋል» ብሎ ከሶ አሸነፈ። ማንዴላ ወዲያው ፍርዱን እንደሚያከብሩ በአደባባይ ተናገሩ።

ያን ቀን የቀድሞዎቹ ገዢዎች አንድ ነገር አዩ። ከተወዳጁ ፕሬዚዳንት ጋር ተካስሶ ማሸነፍ ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ዋስትናቸው የማንዴላ ደግነት ብቻ አልሆነም። ማንዴላ ቢሞቱም የሚቀር ነገር ሆነ። በ1999 አንድ ዘመን ብቻ አገልግለው ሲወርዱም ያው ነው፤ ለሁለተኛ ዙር ቢወዳደሩ የሚያሸንፋቸው አልነበረም።

ምሕረቱ በነጻ ነበር?

የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በሚያዝያ 1996 ተጎጂዎችን መስማት ጀመረ፤ ሰብሳቢው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ነበሩ። ብዙ ሰው ኮሚሽኑን «ሁሉም ይቅር የተባባለበት» አድርጎ ያስበዋል። ሥራው እንዲያ አልነበረም። ምሕረት የሚሰጠው በግለሰብ ነው። አመልካቹ ያደረገውን ሳይደብቅ መናገር፣ ድርጊቱም ፖለቲካዊ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ ምሕረት ያገኙት 849 ናቸው። የክሪስ ሃኒ ገዳዮች ተከልክለዋል።

ነጻ አውጪው ወገንም ከመጠየቅ አላመለጠም። ኤኤንሲ በካምፖቹ የፈጸመው ማሰቃየት ሪፖርቱ ውስጥ ገባ። ፓርቲው በ1998 ሪፖርቱ እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ። ማንዴላ የራሳቸው ፓርቲ ሊያስቆመው የሞከረውን ሪፖርት ከቱቱ እጅ ተቀበሉ።

ይህ መንገድ እኛ አገር ይሠራል?

በቀጥታ መቅዳት አይቻልም። እዚያ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ከተስማሙ አብዛኛው ተከታያቸው ይከተላል። እኛ ጋር የታጠቀውም ያልታጠቀውም ወገን ብዙ ነው፤ አንዱ የፈረመውን ሌላው አያውቀውም። እዚያ ከጥቂቶች በቀር አንድ አገር መሆን ላይ ክርክር አልነበረም። እኛ ጋር አንቀጽ 39ን ጨምሮ ሕገ መንግሥቱ ራሱ መከራከሪያ ነው።

ግንኙነቱ ግን የሩቅ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥቱና በሕወሓት መካከል ግጭት የማቆም ስምምነት የተፈረመው ፕሪቶሪያ ነው። ከአደራዳሪዎቹ አንዷ የቀድሞዋ የደቡብ አፍሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ነበሩ። በአዋጅ 1265/2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽንም፣ በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ሲነሱ የደቡብ አፍሪካ ስም አብሮ ይነሳል። አንባቢ ዜናውን ሲሰማ ሊጠይቃቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ሊያፈርሰው የሚችለው ወገን ተጋብዟል? የሚሸነፈው ምን ይዞ ይቀራል? መሪው የራሱን ደጋፊ የሚያስከፋ ነገር ተናግሯል? ዳኛ ቢፈርድበትስ ምን ያደርጋል?

ማንዴላ ያልሠሩት ምንድን ነው?

ሀብቱ አልተከፋፈለም። ደቡብ አፍሪካ ዛሬም በገቢ አለመመጣጠን ከዓለም ቁንጮ ላይ ከሚቀመጡት አንዷ ናት። ሥራ አጥነቱ ከ30 በመቶ በላይ ነው። መሬቱ አሁንም በአብዛኛው በቀድሞዎቹ ባለቤቶች እጅ ነው። ነጮችን ያረጋጋው ዋስትና፣ ንብረታችሁ አይነካም የሚለው፣ ድሃውን ጥቁር እዚያው ባለበት አስቀርቶታል የሚሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ማንዴላን «ሸጠን» የሚሏቸውም አሉ። የኮሚሽኑ ሥራም በእንጥልጥል ቀርቷል፤ ምሕረት የተከለከሉትና ጭራሽ ያላመለከቱት በአብዛኛው አልተከሰሱም፣ ለተጎጂዎች የተሰጠው ካሳም 30 ሺህ ራንድ ብቻ ነው።

በፖለቲካው በኩል ያለው መልክ ግን ሌላ ነው። በግንቦት 2024 ምርጫ ኤኤንሲ ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ ከ1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫውን አጣ። ፕሬዚዳንቱ በ1992 ከማየር ጋር ሲነጋገሩ የነበሩት ራማፎዛ ናቸው። ውጤቱን ተቀብለው፣ በርካታ ነጭ መራጮች የሚደግፉትን ዴሞክራቲክ አሊያንስን ይዘው ጥምር መንግሥት መሠረቱ። በ2025 ሁለቱ ፓርቲዎች ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመር አይጨመር በሚል ተጣልተው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጭማሪው ቀረ። ፓርቲዎቹ አሁንም እየተነታረኩ አንድ ካቢኔ ውስጥ ተቀምጠዋል።